ፊልሙ ካለቀ በኋላ

የአንድን አገር ሲኒማ ደረጃ ለመመዘን ስንነሣ ዘወትር የምንቆጥረው ለቆጠራ የሚመቸውን ነው፤ በዓመት ስንት ፊልም ተሠራ፣ ስንት ተመልካች አየው፣ የትኛው ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ተቀበለው። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ መለኪያ ይዣለሁ። ፊልሙ ካለቀና መብራቱ ከበራ በኋላ ምን ተባለ? የተባለውስ የት ተጻፈ? ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ፊልም ማየት የሚፈልግ ወጣት፣ ከእርሱ በፊት ያዩት ሰዎች ምን እንዳሰቡ የሚያነብበት ስፍራ ይኖረው ይሆን? ለአብዛኛው የአማርኛ ፊልም መልሱ አሉታዊ ነው። ይህ ጉድለት የጥበብ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ የጋራ ትዝታን ስለ ማቆየትና በሥርዓት ስለ መከራከር ለሚያስብ ሁሉ ግን የቀረበ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ነገር ላይ ገለልተኛ አይደለሁም። እንጀራ የምበላበት ሙያ ከሲኒማ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም በአራት አገሮች ከሚኖሩ ስድስት ሰዎች ጋር ሆነን በየወሩ አንድ ፊልም እንመርጣለን፣ እያንዳንዳችን ሂስ እንጽፋለን፣ ጽሑፎቻችንን ተለዋውጠን ካነበብን በኋላም በድምፅ ተገናኝተን እንወያያለን። ውይይቱ ተቀድቶ በፖድካስት ይሰራጫል። ከመካከላችን በፊልም የሠለጠነ አንድም ሰው የለም። ነርስ አለች፣ የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት አለች። ከዚህ በታች የምለው በአመዛኙ ከእነርሱ ጋር በመሥራት ያየሁት ነው።

ከየት ሆናችሁ ነው የምታዩት?

ዛሬ ውጭ አገር ያለው ሰው የአማርኛ ፊልም የሚያየው ይበልጡን በዩቲዩብ ነው። ከፊልሙ ሥር የሚጻፈውን አስተያየት ላነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመዋል፤ «ከየት ሆናችሁ ነው የምታዩት?» የሚል። መልሱም ይጎርፋል፤ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ፣ ከአትላንታ፣ ከስቶክሆልም። ይህን በንቀት የሚያልፍ ሰው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። ያ ዝርዝር የስም ጥሪ ነው። ባዕድ ቤት ውስጥ፣ የሌሊቱ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በስልክ መስኮት ፊልም የሚያይ ሰው «እኔም አለሁ» የሚልበት መዝገብ ነው።

ነገር ግን የስም ጥሪ ፍርድ አይደለም። ፊልሙ የሰውን ናፍቆት ስለ ነካ ብቻ ታሪኩ ተገጣጥሟል፣ ተዋናይዋ በሚገባ ተጫውታለች፣ የገጠሩ ሰው የተሣለበት መንገድ እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም። የተመልካች ብዛት ይህን አይነግረንም። የፊልም ሠሪውም ከዚያ ቁጥር የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንኑ ደግሞ መሥራት።

ሽልማትም ቢሆን የሂስን ቦታ አይሞላም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሽልማቶቹ በኩራት የሚያወሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ዳይሬክተሩ ስለ ምን ታሪኩን በቅደም ተከተል እንዳልነገረን፣ የአንበርብር ትዝታ በቁርጥራጭ መምጣቱ ያንን ትውልድ ለመረዳት ምን እንደሚያግዝ ወይም እንደሚያውክ በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር ክርክር የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ መድከም አለበት።

አማተሮች የሠሩት

«አማተር» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ገና ያልበሰለ፣ ለባለሙያነት የሚጠባበቅ ሰው የሚል ስሜት አለው። የሲኒማ ታሪክ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 በካልካታ ጥቂት ወዳጆች የፊልም ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሳትያጂት ራይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሚሠራ ሠዓሊ። ማኅበርተኞቹ ፊልም ያዩ ነበር፣ ይከራከሩ ነበር፣ ይጽፉ ነበር። በተከታዩ ዓመት ራይ የሕንድ ፊልሞች ችግር ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። «ፓቴር ፓንቻሊ» ለሕዝብ የቀረበው በ1955 ነው። ማለትም ጽሑፉ ፊልሙን በሰባት ዓመት ይቀድመዋል። ራይ ምን ዓይነት ፊልም እንዳልወደደ፣ ለምንስ እንዳልወደደ በወረቀት ላይ አጥርቶ ካስቀመጠ በኋላ ነው ካሜራ የያዘው።

በፓሪስም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው «ካይዬ ዱ ሲኔማ» መጽሔት በአንድሬ ባዛን ዙሪያ የተሰበሰቡ ወጣቶችን ያሳትም ነበር። ፍራንስዋ ትሩፎ የፈረንሳይን ሲኒማ አምርሮ የተቸበትን ዝነኛ ጽሑፍ በ1954 መጀመሪያ ሲያወጣ ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ በካን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አስገኘለት። ሂስ ሁልጊዜ ታላቅ ፊልም ይወልዳል ማለቴ አይደለም። በሁለቱም ከተሞች ግን ተመልካቹ በቃላት የሚያስብበት ልማድ አስቀድሞ ተተክሎ ነበር።

ለእኛ ዘመን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሮጀር ኢበርት ነው። ኢበርት ከቺካጎ ሰን-ታይምስ ጋዜጣ ያልተለየ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የፊልም ሐያሲ ነበር። በ2006 በካንሰር ሕክምና ምክንያት መናገር ተሳነው። ድምፁን ያጣው ሰው ግን ጽሑፉን አበዛ፤ አንባቢዎቹ የሚልኩለትንም በጥንቃቄ ያነብ ጀመር። ከእነዚያ አንባቢዎች መካከል ከግብፅ፣ ከቱርክ፣ ከደቡብ ኮሪያ፣ ከሜክሲኮና ከፊሊፒንስ የሚጽፉ ይገኙ ነበር፤ ለብዙዎቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አልነበረም። ኢበርት መርጦ በራሱ ስም ሥር ቦታ ሰጣቸው። የካይሮው ሰው ስለ ሆሊውድ ፊልም ሲጽፍ የቺካጎው አንባቢ በገዛ አገሩ ፊልም ውስጥ ያላየውን ያይ ነበር። ይህ ትልቅ በጀት የጠየቀ ፕሮጀክት አልነበረም። የጠየቀው አንድ ሥልጣን ያለው አንባቢ የማይታወቁ ጸሓፊዎችን በቁም ነገር እንዲያነብ ነው።

አባትየው በአውቶቡሱ ላይ

የሩቅ ተመልካች ምን ሊጨምር እንደሚችል እኔ በገዛ ክበባችን ያየሁት በያሬድ ዘለቀ ፊልም ላይ ስንወያይ ነው። «ላምብ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ከታየ በኋላ ብዙ ተወርቶለታል። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የተባለ ትንሽ ልጅ እናቱ በረሃብ ዘመን ትሞታለች፤ አባቱ ወደ ዘመዶቹ አገር ይወስደውና ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከበጉ ከቹኒ ጋር ይቀራል። አጎቱ በጉ ለበዓል እንዲታረድ ይፈልጋል። ኤፍሬም ለእርሻ እጁ አይፈታም፤ ወጥ መሥራት ግን ይችላል፤ ይህም በዚያ ቤት ለወንድ ልጅ ነውር ነው።

አብዛኞቻችን የጻፍነው ስለ ልጁና ስለ በጉ ነበር፤ አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ አጎቱ የሚቆጣበትን ትዕይንት ከገዛ አስተዳደጉ ጋር አነጻጽሮ ጻፈ። በባሕረ ሰላጤው አገር የምትሠራዋ እኅታችን ግን ልጁን ከቁም ነገር አልቈጠረችውም ማለት ይቻላል። ጽሑፏን የሰጠችው ለአባትየው ነው። ካሜራው ከልጁ ጋር ሲቀር እርሷ ከአባትየው ጋር እንደ ሄደች፣ እርሱ በከተማ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚያስብ ፊልሙ ስለማይነግራት እንደ ተቈጣች ጻፈች። ልጅን ዘመድ ዘንድ ትቶ ለሥራ የሚሄድ ወላጅ በፊልሞቻችን ውስጥ ወይ ጨካኝ ወይ የጠፋ ሰው ሆኖ እንደሚቀርብ አስተዋለች። እርሷ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የወጣች ሰው ናት።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። የአባትየው መቅረት በታሪኩ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው ወይስ የታሪኩ ዋና ነገር? አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ጥያቄውን ግን ከየትኛውም የፌስቲቫል ዘገባ አላገኘሁትም ነበር። ስለ ጉልበት ፍልሰት ጥናት የሚያነብቡና የሚጽፉ የዚህ መጽሔት አንባብያን ብዙ ናቸው፤ የፈለሰውን ሰው ፍርድ በእንደዚህ ያለ ግልጽነት የምናገኝባቸው ቦታዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ ግምገማ

ታዲያ ይህ ነገር ለምን አልበዛልንም? የመጀመሪያው ምክንያት ይሉኝታ ነው። የፊልሙ ባለቤት የጓደኛ ወንድም ነው፤ ቤቱን አስይዞ ነው የሠራው፤ ትኬት ለመሸጥ ወደ ከተማችን ሲመጣ የተቀበልነው እኛ ነን። እንዲህ ባለው ቅርበት መካከል «ሁለተኛው አጋማሽ ይደክማል» ብሎ መጻፍ ሰውን እንደ መበደል ይቈጠራል። ስለዚህ በአደባባይ እናጨበጭባለን፤ ሐሜቱን ለመኪና ውስጥ እናቈየዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት የቃላቱ ታሪክ ነው። «ሂስ» የሚለውን ቃል ከ«ግለ ሂስ» ጋር አጣምሮ የሰማ ትውልድ አሁንም በመካከላችን አለ፤ በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ራስን መውቀስ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሊሆን ይችል ነበር። በኋላ የመጣው «ግምገማ» ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ባልደረባ ባልደረባውን የሚያጋልጥበት ሥርዓት ሆነ። ስለ አንድ ሥራ ጥሩና መጥፎ ለማለት የምንጠቀምባቸው ቃላት ሰውን ለማዋረድ ስላገለገሉ፣ ሂስ ሲባል ሰሚው መጀመሪያ ራሱን ይከላከላል።

ከዚያ የቀደመ ልማድ ግን አለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ቈጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ይነቅፋል፣ ያቀናል፤ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመለሳል። የሚታረመው ሥራው ስለ ሆነ ሰውየው ክብሩን ይዞ ይሄዳል። በሥነ ጽሑፍም ቢሆን እንደ አብደላ ዕዝራ ያሉ ሐያስያን መጽሐፍን በጥሞና አንብቦ መተንተን በጋዜጣ ገጽ ላይ እንደሚቻል አሳይተዋል። ለፊልም ያልሆነው ይህ ነው።

ሂስ በሌለበት ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ጠለፋን ርእሰ ጉዳይ ያደረገው የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው በተቀመጠበት ሰዓት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ክርክሩ በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ ታሪክ የማን ነው የሚል ነበር። ይህ ከማንኛውም የፊልም ጥያቄ የማያንስ ጥያቄ ነው፤ በሌሎች አገሮች ለዓመታት በሂስ መድረክ የሚብላላ ነው። በእኛ ዘንድ ሰፊው ሕዝብ የሰማው ከትእዛዙ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ወይ ለፊልሙ ወይ በፊልሙ ላይ ተሰልፎ ነበር።

ሦስት ሕጎች

ክበባችን ይሉኝታን አላሸነፈም። በሦስት ሕጎች ግን አለዝቦታል። የመጀመሪያው፣ ከፍርድ በፊት መግለጽ ነው፤ ማንኛውም ጽሑፍ የፊልሙን አንድ ትዕይንት ላላየው ሰው በሚታይ መንገድ መንገር አለበት። «ፊልሙ ይጎትታል» ከማለት በፊት የትኛው ትዕይንት፣ ካሜራው የት ቆሞ፣ ማን ምን ሲያደርግ የሚለውን መጻፍ ግድ ነው። ሁለተኛው፣ በውይይቱ ላይ አንድን ባልደረባ መቃወም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የባልደረባውን አሳብ ይደግማል፤ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ተቃውሞ አይጀመርም። ሦስተኛው፣ ከፊልሙ ሠሪዎች ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው ሰው በዚያ ወር አይጽፍም፤ ሠሪዎቹ መልስ ከላኩ ግን ሳይቈረጥ ይነበባል።

ሁለተኛው ሕግ ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ጊዜ በ«ጤዛ» ላይ ስንወያይ የደርግን ዘመን በወጣትነቱ ያየ ባልደረባችንና ውጭ አገር የተወለደች ታናሻችን እርስ በርስ አሳባቸውን ለመደጋገም ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደባቸው። እርሱ ፊልሙ በትውልዱ ላይ ጨክኗል ይላል፤ እርሷ ደግሞ ፊልሙ ያንን ትውልድ አብዝቶ አዝኖለታል ትላለች። አልተስማሙም። በሚቀጥለው ወር ግን ሁለቱም ተመልሰው መጡ፤ በፖለቲካ ምክንያት ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈሉ ላየ የዳያስፖራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፊልም ላይ መከራከር የተማረ ሁሉ በአገር ጉዳይ ይግባባል አልልም። ልምምዱ ግን የሚጠይቀው ዋጋ ርካሽ ነው፤ የከበደ ነገር ሳይጠፋ መሳሳት ይቻላል።

የመጀመሪያው መልስ የመጣልን አዲስ አበባ ካለ አንድ ዳይሬክተር ነበር። ፊልሙን በመጠኑ ነቅፈነው ስለ ነበር ቁጣ ጠብቀን ነበር። እርሱ የጻፈው ግን ፊልሙ ለእይታ ከበቃ አምስት ዓመት እንደ ሆነው፣ ስለ አንድ የሌሊት ትዕይንት ብርሃን የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን እንዳልነበረ ነው። ከዚያም ያንን ብርሃን በምን ያህል ችግር እንዳገኘው በሁለት ገጽ አብራራ።

ሁለት ጊዜ መጥፋት

የዚህ ሁሉ ድካም ደካማ ጎን ዕድሜው ነው። በፍቅር የተጀመረ ሥራ ባለፍቅሩ ልጅ ሲወልድ ወይም ፈረቃው ሲቀየር ይቆማል። የድምፅ ቅጂ ደግሞ በፍለጋ አይገኝም፤ አንድ ሰዓት ውይይት ውስጥ ስለ አንድ ተዋናይ የተባለውን ለማግኘት አንድ ሰዓት መስማት ያስፈልጋል። ጽሑፍም ቢሆን በአማርኛ የራሱ እንቅፋት አለው፤ «ሐያሲ»ን በአንዱ ሀ የፈለገ ሰው በሌላው ሀ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ዓመተ ምሕረትም ሌላ ምክንያት ነው፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቈጣጠር መካከል ባለው ልዩነት አንድ ፊልም በሁለት የተለያዩ ዓመታት ተመዝግቦ ይገኛል።

ፊልሞቹ ራሳቸው ደግሞ ይጠፋሉ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1976 የቀረበ ነው፤ ዛሬ በታደሰ ቅጂ የምናየው የጣሊያኑ የቦሎኛ ፊልም ማኅደር ስላደሰው ነው። «ሳንኮፋ»ም በ1993 አከፋፋዮች ሲርቁት ኃይሌና ባልደረቦቹ በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ከሕዝብ ጋር አገናኙት፤ በ2021 ታድሶ እንደገና ወጣ። እነዚህን ያዳናቸው ስለ እነርሱ የሚናገሩና የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ማንም ያልጻፈለትን ፊልም ለማደስ ገንዘብ የሚመድብ የለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ የተሠሩትን ብዙ የአማርኛ ፊልሞች ሳስብ የምፈራው ይህንን ነው። ካሴቱ ሲበላሽ አንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ያየ ሰው የጻፈው አንድ ገጽ ስለሌለ ደግሞ ሁለተኛ ይጠፋሉ።

ስለ ሲኒማ ፖሊሲ በምናወራበት ጊዜ አሳባችን ወደ ቀረጥ፣ ወደ አዳራሽና ወደ ካሜራ ያዘነብላል። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው። ከእነዚህ እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ሌሎች ሥራዎችም አሉ። የፊልም ምርቃት በየከተማችን የሚያዘጋጁ ማኅበራት ከራት ግብዣው በፊት ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ቢተዉና አንድ ሰው የተባለውን እንዲጽፍ ቢመድቡ መዝገብ ይጀመራል። በእጃቸው ትንሽ ገንዘብ ያላቸው የባህል ተቋማት ፖድካስቶች ወደ ጽሑፍ እንዲገለበጡ ቢያግዙ የተባለው ሁሉ ለፍለጋ ይበቃል። የሂሶቹና የድምፅ ቅጂዎቹ አንድ አንድ ግልባጭ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በውጭ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ደግሞ የአንዱ መዘጋት ሁሉን አያጠፋም።

እኛ በጀመርነው መጠን እያንዳንዱን ፊልም በአንድ ገጽ እንመዘግባለን፤ ርእሱን፣ በሁለቱም አቈጣጠር የወጣበትን ዓመት፣ ዳይሬክተሩን፣ ጸሓፊውን፣ የካሜራ ባለሙያውን፣ ርዝመቱን፣ ከዚያም ሂሶቹን። የባሕረ ሰላጤዋ እኅታችን በዕረፍት ቀኗ፣ በዓርብ ዕለት፣ ሂሷን በስልክ በድምፅ ትልካለች፤ ከመካከላችን ተራ የደረሰው በፊደል ይገለብጠዋል፣ እርሷ ታርመዋለች። ለሚቀጥለው ወር የመረጠችው ፊልም በአረብ አገር ስለምትሠራ ሴት ነው። አስቀድማ አይታዋለች፤ ስለ ወጥ ቤቱ ትዕይንት የምትለው ብዙ ነገር እንዳላት ነግራናለች።